በሙሉ ዋጋ

«ካፖርት ይዤ ወጣሁ እንጂ ቤቱን አልሸጥኩብሽ!» አለች ኤድና፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ። «ሌባ እንደያዘ ሰው በሰልፍ መሃል አትጩሂብኝ።»

«ሳትጠይቂኝ ነው ከቁም ሳጥኔ ያወጣሽው። ይህ ታዲያ ምን ይባላል?» አለች ልጇ ጃኒስ።

«እናትነት ይባላል።»

«እውነቷን ነው» አሉ ከኋላቸው የቆሙት፣ ሐምራዊ ባርኔጣ ያጠለቁ ግዙፍ ሴት። ወይዘሮ ሆልሮይድ ይባላሉ፤ ማንም አስተያየታቸውን አልጠየቃቸውም። ነገር ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሰው ጀርባ ቆሞ ብርድ የተካፈለ ሰው፣ በእንግሊዟ ሃሊፋክስ ከተማ ልማድ፣ በዚያ ሰው የቤት ጉዳይ ድምፅ የመስጠት መብት አለው።

ገና ካለፈ ሁለተኛው ቀን ነበር። «ቶርንሊና ልጆቹ» የተባለው ትልቅ መደብር ዓመታዊ የቅናሽ ሽያጩን በሦስት ሰዓት ይከፍታል፤ ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ፣ የባንኩን ጥግ ዞሮ፣ ዓሣ ጠባሹ ሱቅ ደርሷል። የጃኒስ ቤተሰብ ከፊቱ ስምንት ሰው ብቻ ነበረው። አባቷ ዎልተር በተጣጣፊ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዳል። አክስቷ ሙሪየል የመደብሩን ፎቆች በወረቀት ነድፋ፣ ማን ወዴት እንደሚዘምት በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። የሁሉም አፍንጫ ቀልቷል፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። ለእነዚህ ሰዎች ገና ማለት የዚህ ቀን ዋዜማ ነው።

«ስሚኝ እስቲ» አለች ኤድና ድምፅዋን አለስልሳ። «ያ ልጅ ካፖርቱን በስድሳ ፓውንድ ነው የገዛው። ደረሰኙ ካርቶኑ ውስጥ አለ። እኔ በሩ እንደተከፈተ ወደ ዕቃ መመለሻው መስኮት እሄዳለሁ፤ ስድሳዬን እቀበላለሁ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ያንኑ ዓይነት ካፖርት፣ ያንኑ አረንጓዴ፣ ያንኑ ልክ፣ በሠላሳ እገዛልሻለሁ። ካፖርትሽ እጅሽ ገባ፤ ሠላሳ ፓውንድም ተረፈን። በዚህ የሚከፋ ሰው ትምህርት ቤት ሄዶ ምን ተማረ?»

«እኔ ያንኑ ዓይነት አልፈልግም። ያንን ነው የምፈልገው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጃኒስ መልሱን ታውቀዋለች። ነገር ግን ስምንት ሰው ከፊት፣ መቶ ሰው ከኋላ ቆሞ የሚነገር አልነበረም።

«ልዩነቱማ ዳንከን ነዋ!» አለች ሙሪየል ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል። «ካፖርት ሻጩ። ያ ከሼትላንድ ደሴት የመጣው፣ ሲያናግሩት እንደ መስቀያ ቀጥ የሚለው።»

«በዳንከን ላይ ክፉ አልናገርም» አለች ኤድና። «ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማው ንጹሕ ነው። ግን ፍረዱኝ። እዚሁ መደብር ይሠራል። የዋጋውን ወረቀት በገዛ እጁ የሚጽፈው እሱ ነው። ቅናሹ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ እንደሚመጣ ከከንቲባው በፊት ያውቃል። እያወቀ፣ ዐይኑ እያየ፣ ሙሉ ዋጋ ከፈለ! እንዲህ ያለ ሰው ቤት ያቆማል?»

«አያቆምም» አሉ ወይዘሮ ሆልሮይድ።

ድምፅ ተሰጠ። ኤድና፣ ሙሪየልና ወይዘሮ ሆልሮይድ ካፖርቱ ይመለስ አሉ። ጃኒስ አይመለስም አለች።

«አባዬ?» ብላ በልመና ወደ አባቷ ዞረች።

ዎልተር ሻዩን ትክ ብሎ አየው። «ሻይ ልቅዳልሽ?» አላት። በዎልተር ቋንቋ ይህ ድምፀ ተአቅቦ ነበር።

ጃኒስ ሻይ የተቀዳበትን የፔርሙሱን ክዳን ተቀበለች። ሻዩ ሙቅ ነበር፤ የገዛ የዝናብ ካፖርቷ ግን ስስ ነበር፤ ብርዱም በእጅጌዋ ገብቶ ልቧ ድረስ ዘለቀ።

*

በሩ ሲከፈት ማንም አልሮጠም። መሮጥ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ሳይሮጥ እንደ ሯጭ ፈጠነ፤ ክርን ለክርን እየተጋፉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እየተባባሉ ደረጃውን ሞሉት። ኤድና ከረጢቷን ይዛ ወደ መመለሻው መስኮት ተሰወረች። ሙሪየል «ብርድ ልብስ! ብርድ ልብስ!» እያለች ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ዎልተር የተገዛውን ሁሉ ሊሸከም በደረጃው ሥር፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ያዥ፣ ቦታውን ያዘ። ጃኒስ የተመደበችው አንደኛ ፎቅ፣ አንሶላ ክፍል ነበር።

አንሶላው ለራሷ ነው። ላለፉት ስምንት ዓመታት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ፣ እናቷ በየሽያጩ ለትዳሯ አንድ አንድ ነገር እየገዛች በቁም ሳጥኑ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ፎጣው አለ፤ የጠረጴዛ ልብሱ አለ፤ ስድስት ሹካና ስድስት ቢላ አለ። ሁሉም በግማሽ ዋጋ ተሟልቷል። የቀረው ባል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በቅናሽ የሚሸጥ እስካሁን አልተገኘም።

ጃኒስ ሁለት ነጭ አንሶላ ከአንዲት ሽማግሌ እጅ በትሕትና እየጎተተች የምታስበው ዳንከንን ነበር። የተዋወቁት ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን ነው። የእጅጌዋን ርዝመት በሜትር ሲለካ ቁጥሩ ጠፍቶት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከሳምንት በኋላ እሷ የምትሠራበት የከተማው ቤተ መጻሕፍት መጥቶ መጽሐፍ ተዋሰ። ሲመልሰው ውስጡ ደብዳቤ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ዳንከን በሳምንት ሁለት መጽሐፍ መመለስ ጀመረ፤ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ውሃ ማሞቂያ ጥገና፣ እጁ የገባውን ሁሉ። በአፉ ሦስት ቃል የማይወጣው ሰው በወረቀት ላይ እንደ ወንዝ ይፈስስ ነበር።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን መጽሐፎቹ ባዶ ሆነው ይመለሱ ጀመር። በገና ዋዜማ በቤታቸው በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ምክንያቱን ነገራት። አጎቱ እርጅና ተጭኗቸው የልብስ ሱቃቸውን ሰጥተውታል፤ ሱቁ ያለው ከስኮትላንድ ጫፍ በመርከብ አንድ ሌሊት በሚያስኬደው በትውልድ ደሴቱ ነው። በሽያጩ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ በሰባት ሰዓት ባቡር ይሄዳል። ይህን ብሎ ካርቶኑን አቀበላት።

«ስትለብሺው ይገባሻል» አላት። ከዚያ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሄደ።

እሷ ግን አልለበሰችውም። በእነሱ ቤት የገና ስጦታ እስከ ሽያጩ ቀን አይለበስም፤ ይመለስ ይሆናልና የዋጋ መለያ ወረቀቱም አይነካም። አንድ ዓመት ዎልተር በገና ማግስት አዲስ ሹራብ ለብሶ ቁርስ ላይ ስለቀረበ እስከ ፋሲካ ሲነሣበት ኖሯል። ጃኒስ ካርቶኑን ከፍታ፣ ጉንጯን ለስላሳው ሱፍ ላይ አሳርፋ፣ መልሳ ከደነችው። ስትለብሺው ይገባሻል ማለት ይሞቅሻል ማለት ይሆናል ብላ አሰበች። የስንብት ስጦታ ነው። ነይ ያላለ ሰው፣ ሲሄድ ካፖርት ይሰጣል። ቢሆንም ለብሳው ወጥታ ደህና ሁን ልትለው ፈልጋ ነበር።

አሁን ሁለት አንሶላ ታቅፋ ቆማለች። ለማን አልጋ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል።

*

ኤድና ከመመለሻው መስኮት የመጣችው እንደ ሙሽራ እናት እያበራች ነበር። ስድሳ ፓውንዱ በቦርሳዋ ውስጥ አለ። ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ አወጣቻት።

ዳንከን በካፖርቶቹ መሃል፣ አንገቱ ላይ ሜትርና በጥብጣብ የታሰረ መቀስ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከደረጃው ጫፍ ብቅ ሲሉ አያቸው። ጃኒስ የፊቱን ለውጥ አየች፤ በመጀመሪያ አበራ። ከዚያ ዐይኑ ከፊቷ ወደ አሮጌው የዝናብ ካፖርቷ ወረደ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ሰው በቤቱ ውስጥ እየዞረ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ሲያጠፋ ይመስል ነበር።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?» አለ ለኤድና። ከዚያ ወደ ጃኒስ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እርስዎስ፣ ወይዘሪት?»

እርስዎ! ጃኒስ ጥፊ የቀመሰች መሰላት። መቶ በሚጠጋ ደብዳቤ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው!

«አረንጓዴ ካፖርት፣ የሱፍ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር» አለች ኤድና። «ያ አንተ የሰጠሃት ዓይነት። ግን በግማሽ ዋጋ።»

«ያ ዓይነት አልቋል።»

«እንዴት ያልቃል? በሩ ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት አልሆነም!»

ዳንከን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዕቃ አመላላሹ ሠራተኛ ከታች የተመለሱ ልብሶችን በክንዱ አንጠልጥሎ መጥቶ መስቀያው ላይ ሰቀለና ሄደ። ከላይ የነበረው አረንጓዴ ነው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፉ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ነው። ዳንከን ክሩን አየው። ያንን ቁልፍ የሰፋው እሱ ራሱ ነበር፤ አረንጓዴ ክር አልቆበት።

«እዪ!» አለች ኤድና እጇን እያጨበጨበች። «እዪ ልጄ! ዓይነቱ ብቻ ሳይሆን ያንቺው ራሱ መጣልሽ! እኔ እኮ ገና አሁን ነው የመለስኩት! ያው ካፖርት በግማሽ ዋጋ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!»

«መለሳችሁት» አለ ዳንከን ቀስ ብሎ። ጥያቄ አልነበረም። ወደ ጃኒስም አላየም። «መልስሽን... መልስዎን አገኘሁ፣ ወይዘሪት። በበቂ ግልጽ ነው።»

«የምን መልስ?» አለች ጃኒስ።

እሱ ግን አልሰማትም፤ ወይም የሰማ መምሰል አልፈለገም። ለኤድና እጅ ነሣና፣ «ብልህ ገበያተኛ ነዎት፣ እመቤቴ» አለ። ከዚያ ዞሮ የተስተካከሉ ካፖርቶችን ማስተካከል ጀመረ።

ጃኒስ ልትከተለው ስትል በመካከላቸው አንድ ሐምራዊ ባርኔጣ አለፈ። ወይዘሮ ሆልሮይድ ነበሩ። እጃቸው እንደ ጭልፊት ወርዶ አረንጓዴውን ካፖርት ከመስቀያው አነሣ።

«የኛ ነው!» ብላ ጮኸች ኤድና።

«የኔ እህት፣» አሉ ወይዘሮ ሆልሮይድ ካፖርቱን እቅፋቸው ውስጥ እያስገቡ፣ «ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ያስተማርሽኝ ማን ነው? 'በሽያጭ ቀን ዕቃ ለያዘው ነው' ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

የኤድና የራሷ ሕግ ነበር። ወይዘሮ ሆልሮይድ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሰልፍ ሄዱ፤ ጃኒስም በሁለት ካፖርት መደዳ መሃል፣ በአንድ በኩል የዳንከንን ጀርባ፣ በሌላ በኩል የሚርቀውን አረንጓዴ እያየች፣ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግራ ገባት።

*

ወይዘሮ ሆልሮይድ በዐይናቸው ያለፈውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው የማንበብ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ «የተሰበረ አይመለስም» የሚለውን የመስኮት ማስታወቂያ አራት ጊዜ አንብበውላቸዋል። አሁንም ተራቸውን እየጠበቁ ካፖርቱን ደረቡትና፣ ልኩን ሊፈትሹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ እጃቸው በውስጠኛው ኪስ አንድ ነገር አገኘ። ፖስታ ነው። የአስተጣጠብ መመሪያ መሰላቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ከፈቱት።

«'ጃኒስ፣'» ብለው አነበቡ፣ «'በአፌ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ።' ምን ዓይነት አስተጣጠብ ነው ይሄ?»

ካፖርት የሚያስተካክለው ሰው ደረቀ።

«ይስጡኝ እባክዎ» አለ ዳንከን ከሩቅ። ማንም አልሰማውም።

«'አጎቴ ሱቁን ትተውልኛል። ደሴቲቱ ነፋስ የበዛባት ናት፤ ካፖርት የሰጠሁሽም ለዚህ ነው።'» ማንም ተራውን አልለቀቀም፤ ነገር ግን የኋለኞቹ እንዲሰሙ ሰልፉ በሙሉ እንደ ቀስት ጎበጠ።

«ጮክ ይበሉ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«'በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ዋጋው ግማሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን ላንቺ የምሰጠው ነገር ቅናሽ ተጠብቆ የተገዛ እንዲሆን አልፈለግሁም። አብረሽኝ ለመሄድ ከፈቀድሽ በሽያጩ ቀን ለብሰሽው ወደ እኔ ፎቅ ነይ። አክስቴ ክፍል አዘጋጅታልሻለች። አገሩን ካልወደድሽው በወሩ መጨረሻ ራሴ አምጥቼ ለእናትሽ አስረክብሻለሁ። ከወደድሽው ደግሞ በፀደይ እንጋባለን። ካልለበስሽው ግን ገብቶኛል ማለት ነው፤ ምንም አልጠይቅሽም። ዳንከን።'»

ወይዘሮ ሆልሮይድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጃኒስ ማናት?» አሉ። ከዚያ ዝናብ ካፖርት የለበሰችውን፣ ጉንጯ እንባ በእንባ የሆነውን ልጅ አዩ። «ውይ» አሉ።

ጃኒስ ወደ ዳንከን ሄደች። አንሶላውን አሁንም እንደታቀፈች ነው።

«አላነበብኩትም!» አለችው። «ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ እንዳለ ማን ነገረኝ? አልለበስኩትም!»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«አይፈቀድልኝም! መለያው እንዳይነካ! ሹራብ የለበሰ ሰው እስከ ፋሲካ የሚወቀስበት ቤት ነው ያደግሁት!»

«ታዲያ የመለስሽው...»

«እኔ መለስኩት? ከሌሊት ጀምሮ በሰልፍ መሃል ስጣላልህ ነው ያደርኩት! ምስክር አለኝ!»

«እውነቷን ነው» አሉ ወይዘሮ ሆልሮይድ። «ተጣልታለች። እኔም ፈርጄባታለሁ።»

«ደብዳቤህን የሰማሁት አሁን ነው» አለች ጃኒስ፤ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት። «ከሃሊፋክስ ሕዝብ ጋር።»

ዳንከን ደብዳቤ መጻፊያ ወረቀት ቢኖረው ሦስት ገጽ በሞላ ነበር። ነገሩ ከአንድ ፎቅ በላይ የተወራ ይመስላል፤ ሙሪየል ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ ዎልተርም ሦስት ከረጢት አንጠልጥሎ እያለከለኩ ከደረጃው ብቅ አሉ።

ኤድና ወደ ዳንከን ቀረበች።

«ዋጋው እንደሚወርድ እያወቅህ» አለችው። «አሥራ ሁለት ቀን መታገሥ እንዴት አቃተህ?»

«በቅናሽ ቀን ሰው የሚገዛው ያገኘውን ነው፣ ወይዘሮ ኤድና» አለ ዳንከን። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ታግሎ ነው ያወጣው። «እኔ ያገኘሁትን አልነበረም የምፈልገው።»

«ሞኝነት ነው» አለች ኤድና፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም። «ዞሮ ዞሮ ያው ካፖርት ነው። ሽያጭ በሌለበት ደሴት ደግሞ ሰው እንዴት ይኖራል?»

ያን ጊዜ ዎልተር ከረጢቶቹን አንድ በአንድ መሬት አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኤድና» አለ። «ቀለበትሽን በሙሉ ዋጋ ነው የገዛሁት።»

ሙሪየል ብርድ ልብሱን ጣለችው።

«በግማሽ ዋጋ ነው ብለኸኝ ነበር!» አለች ኤድና። «ወርቅ ሠሪው ሱቁን ሲዘጋ! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስትለኝ ኖረሃል!»

«እንዳትመልሺው ፈርቼ ነው።»

ኤድና የግራ እጇን አንሥታ ቀለበቱን አየችው። ሠላሳ ዓመት ሰሃን ያጠበችበት፣ ሠላሳ ሽያጭ ላይ ብርድ ልብስ የጎተተችበት ቀጭን ቀለበት ነው። እንደ አዲስ ዕቃ ገለበጠችው። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ወይዘሮ ሆልሮይድ ዞረች።

«ካፖርቱን በስንት ትሰጪኛለሽ?»

«የኔ እህት፣ አልቅሻለሁ፤ መሐረቤን እዪው» አሉ ወይዘሮ ሆልሮይድ። «ግን ልኬ ነው።»

«ልክሽ አይደለም፤ ጀርባው ሊቀደድ ነው። ሠላሳ።»

«ሠላሳማ እኔም ሠላሳ ልከፍልበት ነው። ሰልፌስ?»

«አርባ።»

ወይዘሮ ሆልሮይድ የካፖርቱን ቁልፎች ቆለፉ፤ ሽያጭ ሽያጭ ነውና። ኤድና ቦርሳዋን ከፈተች። ከመመለሻው መስኮት የተቀበለችውን ገንዘብ እንዳለ፣ ሳትቆጥር፣ አወጣችው።

«ስድሳ» አለች። «ሙሉውን።»

«ኤድና!» አለች ሙሪየል። «አሞሻል?»

«ዝም በይ፣ ሙሪየል።»

ወይዘሮ ሆልሮይድ ለገንዘብ ተቀባይዋ ከፈሉ፣ ካፖርቱን አወለቁ፣ በተረፋቸው ሠላሳ ወደ ሰማያዊው ካፖርት አዘገሙ። ካፖርቱ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በሙሉ ዋጋ ተሸጠ፤ በሽያጩ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ጃኒስ የዝናብ ካፖርቷን አውልቃ አረንጓዴውን ለበሰችው። ዳንከን አንገትጌውን አቃና። መለያው ከእጅጌዋ ሥር ተንጠልጥሏል። መቀሱን አነሣና ቆመ።

«መለያው ከተቆረጠ፣» አላት፤ ይህን ቃል በሁለት ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ ለሺህ ገዢ ተናግሮታል፤ እንዲህ ሆኖ ግን ወጥቶ አያውቅም፤ «ዕቃው አይመለስም።»

«አውቃለሁ።»

«ምክንያቱ ምንም ቢሆን አይመለስም።»

«ዳንከን፣» አለች ጃኒስ፣ «ቁረጠው።»

ኤድና ዐይኗን ጨፈነች፤ መለያ ሲቆረጥ ማየት አትችልም። የመቀሱ ድምፅ ትንሽ ነበር። ጃኒስ ግን ከራሷ እስከ እግሯ ድረስ ሙቀት ሲወርድ ተሰማት፤ ስትለብሺው ይገባሻል ያላት ነገር ያን ጊዜ ገባት።

*

ከሽያጩ በኋላ ላይኛው ፎቅ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ዘቢብ ዳቦ በቅቤ እየበሉ፣ የተገዛውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መፎካከር የቤተሰቡ ወግ ነው። ዘንድሮ ወይዘሮ ሆልሮይድም ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀላቅለዋል። ጠላትነቱ አልቋል፤ ስድሳው ግን አልተመለሰም።

«ብርድ ልብሱ ላይ ቀዳዳ አለ» አለች ኤድና።

«ቀዳዳ አይደለም፤ አየር ማስገቢያ ነው» አለች ሙሪየል። «ለዚያውም ስድሳ ፓውንድ የበተነ ሰው ስለ ቀዳዳ አይናገርም።»

«ማንቆርቆሪያውስ? ክዳኑ የታለ?»

«ክዳን የሌለው ነው በሩብ ዋጋ የሸጡልኝ! ክዳኑን በሚመጣው ዓመት እንገዛለን።»

ሁሉም ሳቀ። ዎልተር እንኳ ከጋዜጣው ጀርባ ትከሻው ሲነቃነቅ ታየ። ስለ ቀለበቱ የተነሣው ጠብ ከመጀመሪያው ሻይ ጋር በእርቅ አልቆ ነበር፤ ኤድና «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን አልረሳውም» ብላ የዎልተርን ዳቦ ግማሽ በልታለች። ጃኒስ አረንጓዴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየቻቸው። የእናቷ ባርኔጣ ተጣሟል። በሁሉም አገጭ ላይ ቅቤ አለ። እንደዚህ ወዳቸው አታውቅም።

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀረው።

የሙሪየል ስንብት ከተጀመረ ባቡሩ እንደሚያመልጣት ስላወቀች፣ ጃኒስ ቀስ ብላ ተነሣች። በጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር እግሯን ነካት፤ የአንሶላው ከረጢት ነው። ከወንበሩ ማዶ የአባቷ ጫማ እየገፋ አመጣላት። ዎልተር ጋዜጣውን አላወረደም፤ ገጽ ገለበጠ።

ከረጢቱን አንሥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ሙሪየል አንገቷን ልታዞር ስትል፣ የእናቷ ድምፅ ሻይ ቤቱን አናወጠው።

«ዎልተር! ስለዚያ ቀለበት እኮ አልጨረስንም!»

«ጨርሰናል እኮ» አለ ዎልተር ጋዜጣውን አውርዶ።

«አልጨረስንም! ሙሪየል፣ ወዲህ ዙሪና ስሚ። ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ አንቺም ፍረጂ። ሠላሳ ዓመት የተዋሸባት ሴት ምን ትበል?»

ሁለቱም ሴቶች ወንበራቸውን ወደ ዎልተር አዞሩ። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎችም ዞሩ። ጃኒስ ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አየች፤ እናቷ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ፣ እጆቿን እያወናጨፈች፣ ማንም ወደዚያ እንዳያይ በሰፊ ትከሻዋ መንገዱን ጋርዳለች።

ዳንከን በታችኛው በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከረጢቱን ተቀበላት። ውጭ በረዶ ቀላቅሎ ይዘንባል። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ የኤድና ድምፅ በሦስቱም ፎቅ ወርዶ ደረሰባቸው፦

«እና ስንት ነበር? ንገረኝ፣ ዎልተር! ሙሉ ዋጋው ስንት ነበር?»